ያለ ወረቀት የተነፋው ጡሩንባ

ጋሽ ባርናባስን የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ድምፁን ማወቅ አለበት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፈራችን እድር ጡሩንባ ነፊ ነበር። ዲላ ውስጥ በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት፣ ጎህ ሲቀድ ይወጣና ጡሩንባውን ሦስት ጊዜ ይነፋል፤ ከዚያ የሟቹን ስም ሁለት ጊዜ ይጠራል፤ በመጨረሻ የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ስሙን ለምን ሁለት ጊዜ እንደሚጠራ አንድ ቀን ጠይቄው "አንዱ ለሰፈሩ ነው፣ አንዱ ለሞተው ነው" አለኝ። የሞተው ይሰማል ወይ ብዬ ላሾፍበት ፈልጌ ነበር፤ ፊቱን አይቼ ተውኩት።

እኔ ሥርጉት እባላለሁ። ገበያው ውስጥ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ አለችኝ፤ የእድሩም ጸሐፊ ነኝ። ጽሕፈቷ ስለሚያምር ነው የመረጥናት ይላሉ፤ እውነቱ ግን እሺ የሚል ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው። የእድራችን ደንብ አጭር ናት። ሰው ሲሞት ከሟች ቤት አንድ ሰው እኔ ዘንድ ይመጣል። እኔ ስሙን በወረቀት ላይ ጽፌ ለጋሽ ባርናባስ እሰጣለሁ። እሱ ማንበብ እምብዛም ነው፤ ስሙን ከአፌ ሰምቶ በቃሉ ይይዘዋል። ቢሆንም ወረቀቷን በግራ እጁ ካልጨበጠ ከግቢው አይወጣም ነበር። "ወረቀት ከሌለ ሰው አልሞተም" ይላል።

የተወለደው ኮንጋ ነው፤ ከቡናና ከእንሰት መሃል። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ዲላ መጥቶ የቡና መጋዘን ተሸካሚ ሆነ፤ እስኪያረጅም ጆንያ ተሸከመ። ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ያለ ነበር፣ ሲሄድ አንድ ነገር ከጎኑ የሚሰማ ይመስላል። ልጅ የለውም። ሚስቱ የሞተች ዕለት ሌላ ሰው ይንፋ ስንለው እምቢ ብሎ፣ ወረቀቷን ከእኔ ተቀብሎ፣ የገዛ ሚስቱን ስም ሁለት ጊዜ ጠርቶ ነው የቀበራት። ያን ቀን ያላለቀሰ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። አማርኛው የጌዴኦ ሰው አማርኛ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም እንደመጣለት ይጠራል፤ ማንም ከቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅም።

ከእሱ ቤት ሁለት በር አለፍ ብሎ ወይዘሮ አልጋነሽ ትኖር ነበር። እሷም የመጋዘኑ ሰው ናት፤ መሬት ላይ ተቀምጣ እንከን ያለበትን ቡና ስትለቅም ዕድሜዋን ጨርሳለች። እሱ ሲሸከም እሷ ስትለቅም ሠላሳ ዓመት ተያይተዋል። ባሏ ከሞተ በኋላ ያላት አንዲት ልጅ ናት፤ ኤልቤቴል። በአንድ የግል ኮሌጅ ነርሲንግ ትማራለች። አልጋነሽ ልጇ ነጭ ጋዋን ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ አሳጥባ ከበሩ ፊት ለፊት ሰቅላዋለች፤ የገባ ሁሉ ሳያይ እንዳይወጣ።

ኤልቤቴል አንድ ቀን ክፍል ፊት ቆማ ጥናቷን ስታቀርብ ቃል ጠፋባት። ቀና ስትል ሁሉም ያፈጥጥባታል። አለቀሰች። ጥፋቷ ይኸው ነው። እንድርያስ የሚባል የክፍሏ ልጅ በስልኩ ቀረጻት፤ ለቅሶዋ ላይ የሠርግ ዘፈን ገጥሞ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ሰው ወደደለት። ወዲያው ቴሌግራም ላይ "አልቃሿ" የሚል ቻናል ከፈተ። በየቀኑ ፎቶዋን እየቆራረጠ አንድ ቀን ከዝንጀሮ ጋር፣ አንድ ቀን ከማይነገር ነገር ጋር ያጣብቀዋል። መንገድ ላይ የማታውቃቸው ልጆች "እህ እህ እህ" እያሉ የለቅሶ ድምፅ ያሰሟታል። ኮሌጁ ውስጥ ከጎኗ የሚቀመጥ ጠፋ፤ ማንም ከእሷ ጋር ፎቶ ውስጥ መግባት አልፈለገም።

እኔም ያንን የመጀመሪያውን ቪዲዮ አይቻለሁ። ሱቄ ውስጥ አንዲት ደንበኛ አሳየችኝ፤ አብረን ሳቅን። የጎረቤቴ ልጅ መሆኗን እያወቅሁ ሳቅሁ። አሁን ይህን ስጽፍ እጄን ብቆርጠው ደስ ይለኛል፤ ግን ያልሳቅሁ መስዬ ላወራ አልችልም።

አልጋነሽ የቁልፍ ስልክ ነው የነበራት፣ ምንም አላየችም። ልጇ ምግብ ስትተው "ምን ሆነሽ ነው?" ትላታለች፤ "ፈተና ደርሶ ነው" ትባላለች። በኅዳር ወር ኤልቤቴል ሲም ካርዷን ከስልኳ አወጣችና መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ለእናቷ አጎቴን ቡና ለቀማ ላግዝ ብላ ኮንጋ ሄደች። እዚያ ማንም አይስቅባትም፤ ቀይ ቡና እየለቀመች ቅርጫት መሙላት ብቻ ነው። በኋላ ስትነግረኝ፣ በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ የወሰዳት እዚያ ነበር።

እንድርያስ የሚሰድባት ሰው ጠፋበት። መልስ የለ፣ ማገድ የለ፣ ምንም የለ። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ማምሻውን ነጭ ጋዋን የለበሰችበትን ፎቶ ጥቁር ፍሬም ውስጥ አስገብቶ፣ ሻማ ጨምሮበት "እህታችን ኤልቤቴል በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች። ነፍስ ይማር" ብሎ ለጠፈ። በኋላ ችሎት ፊት ለምን ብለው ሲጠይቁት "እንድትመልስልኝ ብዬ ነው" አለ። ሳቅ አልነበረበትም። እውነቱን ነበር የተናገረው።

ሰው ሲያስተላልፈው እየጨመረበት ሄደ። አንዱ ኮንጋ ነው የሞተችው አለ፤ አንዷ ራሷን አጥፍታ ነው አሉ ብላ ጻፈች። ሰው ያመነው ሲሰድቧት መክረማቸውን ስለሚያውቅ ነው። ስልኳ ሲደወል ዝግ ነው። እኔም ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ፦ ሁለት የሚያለቅሱ ፊቶች ጨምሬ ሐዋሳ ላለችው እህቴ ላክሁላት። የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ከሟች ቤት ማንም እኔ ዘንድ አልመጣም፤ ወረቀትም አልጻፍኩም። ይኸ ነገር እንዴት ሳይከነክነኝ ቀረ?

እሑድ ጎህ ሳይቀድ የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ተክለማርያም ሦስት ሽማግሌ ይዘው ጋሽ ባርናባስ በር ላይ ቆሙ። አቶ ተክለማርያም ክፉ ሰው አይደሉም፤ መዘግየት ነው የማይወዱት። ልጆች ስልክ ላይ አሳይተዋቸዋል። ጋሽ ባርናባስ "ወረቀቱስ?" ብሎ ጠየቀ። አቶ ተክለማርያምም "አልጋነሽ መቼ አወቀችና ሰው ትልካለች? ገና ልናረዳት ነው" አሉት።

እዚህ ላይ ዝም አለ። በኋላ ደጋግሞ የነገረኝ ስለዚህች ዝምታ ነው። ያሰበው ስለ ወረቀቱ አልነበረም፤ ስለ አልጋነሽ ነበር። "አልጋነሽ ብቻውን ነው" አለኝ። "ባል የለው፣ ወንድም ሩቅ። ማን መጥቶ ያስጽፋል? ሰው የሌለው ሰው ሞቶ ዝም ልበል?" ለባለጠጋ ቢሆን ወረቀት አምጡ ብሎ በሩን ይዘጋ ነበር፤ አውቀዋለሁ። ለአልጋነሽ ግን አንጀቱ አልቻለም።

ተስማሙ። ሽማግሌዎቹ ገብተው ያረዷታል፤ እሱ ከሰፈሩ ሌላኛው ጫፍ ጀምሮ እየነፋ ይመጣል። እሷ ቤት ሲደርስ መርዶው ተነግሮ ያበቃል። ሽማግሌዎቹ ግን አልገቡም። ዘመድ በሌለበት መርዶ አይነገርም ብለው፣ የሟች ባሏን ዘመድ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ወዲያ አስጠርተው ጥጉ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ወጉ እንዲህ ነው፤ ወጉን አክብረው ነው የቆሙት። ጋሽ ባርናባስ ገብተዋል ብሎ፣ እነሱ ገና ሩቅ ነው ብለው።

እኔ ጡሩንባውን አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁ። ሦስት ጊዜ። ቀጥሎ ድምፁ፦ "የወይዘሮ አልጋነሽ ልጅ፣ ኤልቤቴል!" ሁለተኛውን ሲጠራ ከአልጋነሽ ቤት የወጣው ድምፅ በላዩ ላይ መጣበት። እንዲያ ዓይነት ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ከላይ ምንም ሳትደርብ፣ በባዶ እግሯ ወጥታ ወደ እሱ ሮጠች። ልትይዝ የፈለገችው ጡሩንባውን ይመስለኛል፤ እንዲተው። ዝናብ ያደረበት ጭቃ አዳለጣትና ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ወደቀች። ስናነሳት አፏ ወደ አንድ ወገን ዞሯል፤ ቀኝ እጇ አይንቀሳቀስም። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አለ።

በዚያው ጠዋት ኮንጋ ወሬው ደርሶ ዘመዶች እየጮሁ ወደ አጎትየው ግቢ ገቡ። ኤልቤቴል ቅርጫቷን ወገቧ ላይ አስራ ከቡናው መሃል ወጣች። "ማን ሞተ?" አለች። ከፊት ያለችው ሴትዮ አየቻትና ጩኸቷ አፏ ላይ ቀረ። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ልጅ "አንቺ" አለቻት።

በሞተር ሳይክል ዲላ ስትደርስ እጇ ላይ የቡና ልጣጭ ሙጫ ነበረበት፤ ሆስፒታል ውስጥ እንደዚያው የእናቷን እጅ ያዘች። "እማ፣ አለሁ። አለሁ እማ፣ ይኸው አለሁ" ትላለች። አልጋነሽ ዓይኗን ገልጣ አየቻት፤ ረጅም ጊዜ አየቻት። መናገር አትችልም። ሁለት ቀን ሙሉ ልጅቷ ከአልጋው ሳትነሳ "አለሁ" ትላታለች፤ እናት ታያታለች። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ አረፈች። ልጄ በሕይወት አለች ብላ አውቃ ነው የሞተችው፣ ወይስ ልጄ ካለችበት ደረስሁ ብላ ነው? ይህን የሚነግረን የለም። ኤልቤቴል እስከ ዛሬ ከዚህ ጥያቄ ጋር ነው የምትተኛው።

የአልጋነሽን ስም በወረቀት ጻፍኩ። ጋሽ ባርናባስ በግራ እጁ ተቀበለኝ። ጡሩንባውን አፉ ላይ አደረገ፤ ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አልወጣም። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ጡሩንባውን ክንዱ ስር ሸጉጦ በአፉ ብቻ ስሟን እየጠራ በየበሩ ዞረ። ከቀብር መልስ ጡሩንባውን እኔ ጠረጴዛ ላይ አኑሮት ሄደ።

ኤልቤቴል በአርባ ቀኑ ማግስት ሲም ካርዱን ከመሳቢያው አውጥታ ስልኳ ውስጥ ከተተችና ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፤ እኔም አብሬያት። ከቻናሉ እየወሰደች ስልኳ ላይ ያስቀመጠችውን ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ ከነቀኑ አሳየች። ዓቃቤ ሕጓ ወጣት ሴት ናት። ሰውን በኮምፒውተርም በስልክም እየደጋገሙ ማስጨነቅ፣ ስሙን ማጉደፍ በሕግ የሚያሳስር ወንጀል ነው አለችን፤ ቀልድ ነበር ማለት አያድንም። ቪዲዮው ቢጠፋ እንኳ ከየትኛው ስልክ እንደወጣ ይገኛል። እንድርያስ ሁሉንም አጥፍቶት ነበር፤ ስልኩ ተወስዶ ሲመረመር ወጣ።

ከዚያ ሽምግልናው መጣ። የልጁ አባት፣ ከአገሩ ከፍስሐ ገነት የመጡ ሽማግሌዎች፣ አቶ ተክለማርያምም ጭምር። ልጅ ነው፣ ትምህርቱ ይበላሻል፣ ዕድሜው ይቃጠላል፣ አቤቱታሽን አንሺ አሏት። አባትየው መሬት ላይ ተንበረከከ፤ ማየት ያስጨንቅ ነበር። ኤልቤቴል አስነሳችው። "አባቴ፣ እኔ ይቅር ልል እችል ነበር" አለችው። "የተበደለው ሰው እኔ ብቻ ብሆን። እናቴን ግን ማን ይጠይቃት?" ሽማግሌዎቹ ቡናቸውን ሳይጠጡ ወጡ።

ችሎት ላይ እንድርያስን አየሁት። ከሩቅ እንደማስበው ጭራቅ አልነበረም፤ ቀጭን ልጅ ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር እስራት ተፈረደበት፤ ከኮሌጁም ተባረረ። በአልጋነሽ ሞት አልተከሰሰም፤ ዓቃቤ ሕጓ ሕጉ እስከዚያ አይደርስልኝም አለች። አስተላልፈው ያባዙት አልተጠሩም። እኔም አልተጠራሁም። ውሳኔው ሲነበብ ከአዳራሹ ውስጥ ግማሾቻችን ስልካችንን ኪሳችን ውስጥ ጨብጠን ተቀምጠን ነበር።

ጋሽ ባርናባስ ምስክር ነበር። የሚጠየቀውን ከመለሰ በኋላ ሂድ ሲሉት አልሄደም። "እኔስ?" አለ። ዳኛው አልገባቸውም። "ስሙን የጠራሁ እኔ ነኝ። ሞባይሉን አልጋነሽ አላየም። የሰማው እኔን ነው። የእኔ ፍርድ መቼ ነው?" ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። በለሰለሰ ድምፅ "አባቴ፣ እርስዎ አልተከሰሱም፤ ነፃ ነዎት፣ ወደ ቤትዎ ይሂዱ" አሉት። ያ ነፃ ነዎት የሚለው ቃል ከእስራት ይልቅ እንደከበደው ፊቱ ላይ አየሁ። አንድ ሰው እንኳ አብሮት ቢፈርድበት ኖሮ ይቀለው ነበር።

እድራችን ከዚያ በኋላ ቴሌግራም ግሩፕ ከፈተ። ሰው ሲሞት እዚያ ይለጠፋል። መቼም እኛ ሰዎች አንማርም። ጡሩንባው እኔ ቁምሳጥን ላይ አቧራ ለበሰ።

ጋሽ ባርናባስ ግን ጎህ ሲቀድ መነሳቱን አልተወም። የሚሄደው አንድ በር ብቻ ነው። የኤልቤቴልን በር በጣቱ ሁለት ጊዜ ያንኳኳል። እሷም ከውስጥ "አለሁ፣ ጋሼ" ትላለች። እሱ ያንን ሰምቶ ይመለሳል። አይገባም፣ አያወራም። መጀመሪያ ሰሞን በሩን ሲመታ ትደነግጥ፣ ትናደድም ነበር፤ እናቷን ያስታውሳታል። ኋላ ላይ ሳይመጣ የቀረ እንደሆነ ብላ ነቅታ ትጠብቀው ጀመር። ትምህርቷን ሌላ ቦታ ጨርሳ ጤና ጣቢያ ስትቀጠር እንኳ፣ የሌሊት ተረኛ ከሆነች ሲነጋ ቀድማ ትደርሳለች፤ በሩን ሲመታ ውስጥ እንድትሆን። እንዲህ ሆነው ሦስት ዓመት ኖሩ። ይቅር ተባብለዋል ወይ ብትሉኝ አላውቅም። ስለዚያ እሑድ አንድም ቀን አላወሩም።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ሐሙስ በሩ ሳይመታ ነጋ። ኤልቤቴል ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ነጠላዋን ደርባ የእሱን በር አንኳኳች። "ጋሼ" አለች። "ጋሼ፣ አለህ?" መልስ የለም። በሩ አልተቀረቀረም ነበር።

እኔ ዘንድ ስትመጣ ፊቷ ደርቋል። "ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ" አለችኝ። "መጥተሽ እይ፤ ከዚያ ጻፊልኝ።" ሄዶ ማየት በደንቡ የለም፤ ግን ሄድኩ። አልጋው ላይ በጎኑ ተኝቷል፤ ዝቅ ያለው ትከሻው ወደ ላይ ነው። የእጁን መዳፍ ነካሁ፤ ቀዝቅዟል። እሷ ነርስ ናት፣ የእኔ መንካት አያስፈልጋትም። ግን ቆማ እስክነካው ድረስ ጠበቀችኝ።

ስልኬን አወጣሁ፤ ግሩፑ ላይ ልጽፍ። እጄን ያዘችው። "አይሆንም" አለች። ቤት ተመልሼ ስሙን በወረቀት ላይ ጻፍኩ። ኤልቤቴል ጡሩንባውን ከቁምሳጥኑ ላይ አውርዳ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ወረቀቷን በግራ እጇ ያዘች።

መንፋት አትችልም ነበር። የመጀመሪያው ተሰባበረባት፣ ሁለተኛው ትንሽ ወጣ፤ ሦስተኛው እስከ ገበያው ተሰማ። ሰው በየበሩ ብቅ አለ። በሕይወት ሳለች ስሟ በዚህ ጡሩንባ የተጠራች ልጅ መንገዱ መሃል ቆማ ስሙን ጠራች። "ጋሽ ባርናባስ!"

አንዱ ለሰፈሩ ነው። ሁለተኛውን ከመጥራቷ በፊት ወደ እሱ በር ዞረች፤ ጥቂት ጠበቀች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ጠራችው።